ዱላና ደብተር

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ወደ ገጠር በሚያወጣው መንገድ ዳር ጥቂት የቆመ ሰው፥ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ባዶ ኬሻ ያንጠለጠለ ተማሪ ሳያይ አይመለስም። አንዳንዱ ብቻውን፥ አንዳንዱ ሦስትም አራትም ሆኖ፥ ወንዱም ሴቷም ወደ አባት እናት ቤት ይጓዛል። እሑድ ወደ ማታ በዚያው መንገድ ሲመለሱ ግን ኬሻው ባዶ አይደለም። የሳምንት እንጀራ፥ ድርቆሽ፥ ቈሎ፥ ሽሮና በርበሬ ተሸክመዋል። በከተማው ሁለትም ሦስትም ሆነው በተከራዩዋት ጠባብ ክፍል ውስጥ ይህን እየቈጠቡ እየበሉ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ይማራሉ። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ተወልዶ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው፥ ዛሬ በመሥሪያ ቤት ወንበር ይዞ የተቀመጠው ወጣት ሹም ሳይቀር፥ ይህን ኑሮ ከኛ ይልቅ ያውቀዋል።

እኛ ግን ዛሬ ልንጽፍ ያሰብነው ስለ ጐልፍ ጨዋታ ነው። «ስንቅ ተሸክሞ የሚማር ልጅና ጐልፍ ምን ያገናኛቸዋል?» የሚለን አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም። ጐልፍ በብዙዎቻችን ዘንድ የባለጠጋና የዲፕሎማት ጨዋታ ተብሎ የሚታወቅ ነው። በአዲስ አበባም ቢሆን ለብዙ ዘመን የታየው በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ባለው የጐልፍ ክበብና በብሪታንያ ኤምባሲ ግቢ ውስጥ ነው እንጂ በሕዝብ ሜዳ አይደለም። በፍኖተ ሰላምና በቡሬማ ሜዳውም የለ። ይሁን እንጂ ይህ ጨዋታ በሌላው ዓለም ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ጋራ እንዴት እንደ ተጣመረ ስንመረምር፥ ታሪኩ ከባለጠጋው ልጅ ይልቅ የዚህን ስንቅ ተሸካሚ ልጅ ታሪክ የሚመስልበት ክፍል እንዳለው አገኘን። ብዕር እንድናነሣ ያደረገንም ይኸው ነው። (የውጭ አገሩን ዘመን እንደ አውሮፓውያን፥ ያገራችንን እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር እናስቀምጣለን።)

ጨዋታውን ላላዩት በአጭሩ እንግለጸው። ከ46 ግራም የማትበልጥ ጠጣር ኳስ መሬት ላይ ትቀመጣለች፤ ተጫዋቹ በዱላ እየመታ፥ ስፋቱ 108 ሚሊሜትር በሆነ ጉድጓድ ውስጥ ያገባታል። ጉድጓዶቹ በሙሉ ሜዳ 18 ሲሆኑ፥ ሁሉንም በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል። ተጫዋቹ ከ14 የበለጠ ዱላ ይዞ እንዲገባ አይፈቀድለትም። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው፤ ችግሩም ያለው በዚሁ ቀላልነቱ ውስጥ ነው። ኳሷ ቆማ ትጠብቃለች፤ የሚገፋ ባላጋራ፥ የሚያመካኙበት ጓደኛ የለም።

ዱላና ኳስ ሲባል የጎጃም ልጅ እንግዳ አይሆንበትም። መኸሩ ተሰብስቦ ወሩ ታኅሣሥ ሲሆን፥ ጫፉ የቈለመመ ዱላ ከጫካ መርጦ መቍረጥ፥ በእሳት ማቅናትና ማለስለስ፥ ሩሯን ከእንጨት ወይም ከጠፍር ማበጀት የእረኛ ሁሉ ሥራ ነው። በልደት ቀን የላይ ሠፈርና የታች ሠፈር በመስኩ ላይ ሲገጥሙ አዛውንቱም ከዳር ቆሞ ይፈርዳል፤ በዚያ ቀን ጌታ በሎሌው እንዳይቈጣ የሚያዝዘውን የአባቶች ብሂልም የማያውቅ የለም። በስኮትላንድ ተራራማ አገር ሺንቲ የሚባል የገና ጨዋታን በጣም የሚመስል ጨዋታ አለ፤ እነሱም በበኩላቸው ከጥንት ጀምሮ በዘመን መለወጫቸው ዕለት ሲጫወቱት ኖረዋል። ጐልፍን ለዓለም ያበረከተችውም ይህችው ስኮትላንድ ናት። ጐልፍ ከሺንቲ ተወለደ አንልም። ነገር ግን ዱላ ይዞ ኳስ ሲያባርር ያደገ ሕዝብ አንዱን ከሌላው ለመማር ብዙ እንዳልተቸገረ መገመት አያዳግትም።

ጨዋታና ቁም ነገር ይጣላሉ የሚለው ክርክርም አዲስ አይደለም። በ1457 የስኮትላንድ ፓርላማ በንጉሥ ጄምስ 2ኛ ዘመን ጐልፍንና እግር ኳስን ከለከለ፤ ምክንያቱም ጐበዛዝቱ ቀስት መወርወር መለማመዱን ትተው በጨዋታ ዋሉ የሚል ነበር። ዛሬ በጎጃም ገጠር ልጁን «ይህን ኳስ ተውና መጽሐፍህን ያዝ» ብሎ የሚገሥጽ አባት ከዚያ ፓርላማ ጋራ አንድ አሳብ አለው። አባትየው ተሳስቷል ለማለት እኛ አንደፍርም። የምንጠይቀው፥ ጨዋታው ራሱ መጽሐፉን የሚያስይዝበት ዘዴ አለን ብለን ነው።

በውጭ አገር ሁለት መንገድ አግኝተናል። አንደኛው የአካዳሚ መንገድ ነው። በአሜሪካን አገር በፍሎሪዳ ብራደንተን በምትባል ከተማ በ1978 በቴኒስ የተጀመረውና በኋላ ጐልፍንም የጨመረው አዳሪ ትምህርት ቤት የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ልጁ የቀኑን እኩሌታ በክፍል፥ እኩሌታውን በሜዳ ያሳልፋል፤ አሠልጣኙ፥ ሐኪሙና የሒሳብ አስተማሪው ባንድ ግቢ ይገኛሉ። አሠራሩ መልካም ነው። ክፍያው ግን ለአዳሪ በዓመት ከ60 ሺሕ ዶላር በላይ ስለሆነ፥ ስለዚህ መንገድ ይህን ያህል ከተናገርን ይበቃል።

ሁለተኛው መንገድ የዱላ ተሸካሚዎቹ መንገድ ነው። ጐልፍ ተጫዋች ዱላዎቹን በከረጢት አድርጎ የሚሸከምለት ልጅ ይቀጥራል፤ ፈረንጆች «ካዲ» ይሉታል። ካዲዎቹ ብዙውን ጊዜ የድኻ ልጆች ነበሩ። ፍራንሲስ ዊሜት የተባለው ልጅ በማሳቹሴትስ በብሩክላይን ከተማ ከጐልፍ ክበቡ ፊት ለፊት ባለ ቤት አደገ። በ11 ዓመቱ ከረጢት መሸከም ጀመረ፤ ሰው ሲመታ እያየ ራሱን አስተማረ። በ1913 በ20 ዓመቱ በዚያው ሜዳ ላይ የእንግሊዝን ታላላቅ ተጫዋቾች ሃሪ ቫርደንንና ቴድ ሬይን አሸንፎ የአሜሪካን የጐልፍ ሻምፒዮን ሆነ። በዚያ ቀን ከረጢቱን የተሸከመለት ኤዲ ሎውሪ የሚባል የ10 ዓመት ልጅ ነበር። ይህ ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርቶ እንደ መጣ ሲነገር ብዙ ጊዜ አንባቢ ይሥቃል። እኛ ግን ነገሩን ልብ ማለት ይገባል እንላለን። ዊሜት ራሱ ቤተሰቡን ለመርዳት ሁለተኛ ደረጃን ሳይጨርስ ትቶ ነበርና። እንግዲህ በዚያ ታላቅ ቀን በሜዳው መካከል አብረው የሄዱት ሁለቱም ከትምህርት የጐደሉ ልጆች ነበሩ ማለት ነው።

የታሪኩ ፍሬ የመጣው ቈይቶ ነው። ቺክ ኤቫንስ የተባለ ሌላ ካዲ በ1916 ሁለቱን የአሜሪካን ታላላቅ ውድድሮች ባንድ ዓመት አሸነፈ። በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሳለ ግን ገንዘብ ስላጠረው ሳይጨርስ ወጣ። በኋላ ስሙ ሲገን የጐልፍ ትምህርት በሸክላ እየቀዳ ገንዘብ አገኘ፤ ገንዘቡን ቢወስድ ግን ባለሙያ ተብሎ ከአማተርነት ሊወጣ ሆነ። እናቱ ታዲያ አንድ ምክር ሰጠችው። ገንዘቡ እንደሱ ከረጢት ለሚሸከሙ ልጆች ትምህርት ይዋል አለችው። በ1930 ሁለት ካዲዎች በዚህ ገንዘብ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ዛሬ በዚሁ ድርጅት የተማሩት ከ12 ሺሕ በላይ ናቸው። የሚመረጡትም ኳስ አርቀው የሚመቱት አይደሉም፤ የሚጠየቁት ከረጢት በመሸከም ያሳዩት ትጋት፥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ውጤታቸው፥ ጠባያቸውና የቤተሰባቸው ችግር ነው። ዊሜትም በበኩሉ በስሙ የተመሠረተ ተመሳሳይ ድርጅት በ1949 ተቋቋመለት።

ይህን ታሪክ ስናነብ የየኔታ ደጅ ትዝ አለን። በዋሸራና በጎንጅ ቅኔ ለመቍጠር ከሩቅ አገር የሚሄደው የቈሎ ተማሪ፥ ውሻ እየተከላከለ ቍራሽ ለምኖ፥ ማታ ቅኔ እየቈጠረ ያድር የለምን? ሥራንና ትምህርትን፥ መከራንና ትምህርትን አጣምሮ መያዝ ለጎጃም ከባሕር ማዶ የመጣ ብልኀት አይደለም።

ትምህርትና ጐልፍ ባንድ ሰው ላይ ተስማምተው የታዩበት ከቦቢ ጆንስ የበለጠ ምሳሌ አላገኘንም። ይህ ሰው በመካኒክ ኢንጂነሪንግ በጆርጂያ ቴክ፥ በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ በሃርቫርድ ተመረቀ፤ ከዚያም ሕግ አጥንቶ ጠበቃ ሆነ። በዚያው መካከል ይጫወት ነበር፤ ለገንዘብ ግን አልተጫወተም። በ1930 በዘመኑ የነበሩትን አራቱን ታላላቅ ውድድሮች ባንድ ዓመት ጠቅልሎ በ28 ዓመቱ ከውድድር ወጣ። በ1925 በአሜሪካን ሻምፒዮና ላይ ሊመታ ሲዘጋጅ ኳሷ ጥቂት ተንቀሳቀሰች። ከሱ በቀር ያየ አልነበረም። ዳኞቹ ቢከራከሩለትም እሱ በራሱ ላይ አንድ ምት አስቈጠረ፤ ውድድሩንም በመጨረሻ ባንድ ምት ተሸነፈ። ሰዎች ሲያመሰግኑት፥ ባንክ ስላልዘረፈ ሰውን እንደ ማመስገን ነው ብሎ መለሰ ይባላል። ተማሪ በፈተና ክፍል፥ ሹም በመዝገቡ ፊት የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ እንዲሁ ብቻውን ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ትምህርትንና ስፖርትን ማጣመር ባገራችንም አለ። በአዲስ አበባ ያለው የወጣቶች ስፖርት አካዳሚ ልጆችን እያስተማረ ያሠለጥናል፤ በአሰላም በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሠራ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ አለ። ጎጃምም ቢሆን ያለ ፍሬ አልቀረችም፤ ከዚያ የወጣችው ውዴ አያሌው በ2009 በበርሊን የዓለም ሻምፒዮና በ10 ሺሕ ሜትር የነሐስ ሜዳልያ አግኝታለች። ነገር ግን አካዳሚው የሚወስደው ጥቂት የተመረጡትን ነው። በፍኖተ ሰላም በዳሞት፥ በቡሬም በሽኩዳድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተቀምጦ የሚማረው ብዙኀኑስ?

ይህ ብዙኀን ከፊቱ የሚጠብቀው ፈተና ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ890 ሺሕ በላይ ተማሪዎች ተፈትነው ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ሆነ። ይህን ቍጥር የሰማ ወላጅ ልጁ ለጨዋታ የሚሰጣትን እያንዳንዷን ሰዓት እንደ ጐደለች ሰዓት ቢቈጥራት አያስገርምም። እንኳን ወላጅ እኛም ስንጽፍ እጃችን ያዝ አድርጎናል። በአሜሪካን አገር ራሱ፥ ከዩኒቨርሲቲ ስፖርተኞች መካከል በስፖርት ለመተዳደር የሚበቁት ከመቶ ሁለት እንደማይሞሉ የዩኒቨርሲቲዎቹ የስፖርት ማኅበር ይናገራል። ስለዚህም ማኅበሩ በአንደኛ ምድብ ሊወዳደር የሚፈልግ ልጅ በሁለተኛ ደረጃ 16 ዋና ዋና ትምህርቶችን እንዲጨርስ፥ ከ4 ነጥብም ቢያንስ 2.3 አማካይ ውጤት እንዲያመጣ ያስገድዳል። ኳሱን የቱንም ያህል አርቆ ቢመታ ውጤቱ ካልደረሰ በሩ ይዘጋበታል።

እኛ የምንፈልገው ይህን የመሰለ ደንብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዲቆም ነው። ልምምዱ በትምህርት ላይ ይንጠልጠል እንጂ ትምህርት በልምምዱ ላይ አይንጠልጠል። ውጤቱ የወረደ ልጅ ዱላውን አስቀምጦ ውጤቱ እስኪነሣ ይጠብቅ፤ ለልምምድ ወይም ለውድድር ተብሎም ማንም ከክፍል አይውጣ።

ሰዓቱ ላይ ግን ከከተማ የሚመጣ አሳቢ ሁሉ የሚሳሳትበት ነገር አለ። የአዲስ አበባ ሰው የወጣቶች ልምምድ ሲያቅድ እጁ ወዲያው የሚሄደው ወደ ቅዳሜና እሑድ ነው፤ እነዚህ ቀኖች ለሱ ባዶ ናቸውና። ለጎጃም ገጠር ተማሪ ግን ከሳምንቱ የሞሉት እነዚህ ናቸው። ቅዳሜ ይጓዛል፤ አባቱን በእርሻ፥ እናቱን በወፍጮና በገበያ ያግዛል፤ እሑድ ስንቁን ይዞ ይመለሳል። በቅዳሜ የተሠራ ዕቅድ የከተማውን ነጋዴና የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ ብቻ ሰብስቦ የገበሬውን ልጅ በደጅ ያስቀራል፤ ማንም ሳያስበው ጨዋታው ተመልሶ የባለጠጋ ይሆናል። ስለዚህ ሰዓቱ ከሰኞ እስከ ሐሙስ፥ ከትምህርት በኋላ ከ10 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ቢሆን ይሻላል። ከዚያ ወዲያ ልጁ እራቱን ራሱ አብስሎ መብላት፥ መብራት ሳይጠፋ ማጥናትም አለበት። በሳምንት ሁለት ቀን ለአንዱ፥ ሁለት ቀን ለሌላው ቢከፈል፥ ሴቶቹም ሳይመሽ ወደ ቤታቸው ይደርሳሉ። ዓርብ ዕረፍት ይሁን።

ሜዳውስ? አንድ ሙሉ የጐልፍ ሜዳ 50 ሄክታርና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ በጎጃም ልክ 200 ቃዳ ያህል መሆኑ ነው። ከገበሬ የግጦሽ መሬት ላይ ይህን ያህል ቈርሶ ለጨዋታ የሚሰጥ ሰው ቢነሣ የመጀመሪያው ተቃዋሚ እኛ ነን። ለልጆች መለማመጃ ግን የትምህርት ቤቱ ግቢ ዳርቻና ሦስት ወይም አራት ጉድጓድ ይበቃል። ጉድጓዱ ውስጥ ቆርቆሮ ይቀበራል። በበጋ ሣሩ ይደርቃል የሚል ቢኖር፥ በአውስትራልያ ደረቅ አገር ያሉ ብዙ ሜዳዎች በጉድጓዱ ዙሪያ ሣር በመትከል ፈንታ በዘይት የታሸ አሸዋ ደልድለው ሲጫወቱ እንደ ኖሩ እንንገረው። ዱላውም ቢሆን በብረት ዘንግ መሠራቱ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። በአሜሪካን የተፈቀደው በ1924፥ በብሪታንያ በ1929 ሲሆን ከዚያ በፊት የነበሩት ተጫዋቾች ሁሉ በእንጨት ይመቱ ነበር፤ ቦቢ ጆንስም አራቱን ውድድሮች ያሸነፈው በእንጨት ዘንግ ነው። ለገና ዱላ የሚመርጥ እጅ ባለበት አገር ለጀማሪ የሚሆን ዱላ አይታጣም። የማይገኘው ኳሷ ናት፤ እሷን መግዛት ያስፈልጋል። ጠጣር ስለሆነችም ልጆቹ ሁሉ ባንድ መስመር ቆመው፥ ከፊት ሰውም ከብትም አለመኖሩ ሳይታይ እንዳይመቱ አስተማሪው አጥብቆ ሊቈጣጠር ይገባል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያስደሰተን ግን ጨዋታው ለፊዚክስ አስተማሪ የሚሰጠው አገልግሎት ነው። የጥንት ተጫዋቾች ከ1848 ወዲህ ጉታ ፐርቻ ከሚባል የዛፍ ሙጫ የተሠራ ለስላሳ ኳስ ሲያወጡ፥ አዲሱ ኳስ ቶሎ እየወደቀ፥ በዱላ የተጫጫረው አሮጌው ግን ርቆ እየበረረ አስቸገራቸው። ምክንያቱን ሳያውቁ ኳሱን ሆን ብለው መጫጫር ጀመሩ። ዛሬ በያንዳንዷ ኳስ ላይ ከ300 እስከ 400 የሚደርሱ ጥቃቅን ጐድጓዳዎች ያሉት በዚሁ ምክንያት ነው፤ አየሩ ከኳሷ ገላ ቶሎ እንዳይለይ አድርገው ወደ ኋላ የሚጐትታትን ኀይል ይቀንሳሉ። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ያህል፥ ቡሬ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ያሉ ናቸውና አየሩ ስስ ነው፤ ያው ምት በባሕር ዳርቻ ከሚመታው ይልቅ እዚህ ይርቃል። የ11ኛ ክፍል ተማሪ የተወረወረ አካል መንገድ የሚለውን ትምህርት ከጥቍር ሰሌዳ ገልብጦ ከሚወጣ፥ ደብተሩንና የሜትር ገመዱን ይዞ ሜዳ ቢወርድ፥ በልዩ ልዩ ዱላ እየመታ ርቀቱን ቢለካና ቢመዘግብ፥ ይህ ሰዓት ከትምህርቱ የተሰረቀ ነው የሚል አባት ይኖራልን? እንዲህ ከሆነ የስፖርት አስተማሪውና የፊዚክስ አስተማሪው ባንድ ሜዳ ላይ ሊገናኙ ነው። እስካሁን የሚገናኙት በመምህራን ስብሰባ ብቻ ነበር።

አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ግን አንባቢ ይታዘበናል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ቍጥሩ እጅግ የበዛ ልጅም ከትምህርት ገበታ ተለይቷል። ፍኖተ ሰላም ስሟ በግዕዝ «የሰላም መንገድ» ማለት ነው፤ እሷም ከዚህ መከራ አላመለጠችም። በሩ ያልተከፈተ ትምህርት ቤት ዳርቻ ላይ ጉድጓድ ቍፈሩ ብሎ መጻፍ ቀልድ ይሆናል። እኛ ይህን የምንጽፈው በሩ ለተከፈተበትና ለሚከፈትበት ነው፤ ሁለትና ሦስት ዓመት በቤት ውሎ ዕድሜው የገፋ ልጅ ተመልሶ ከታናናሾቹ ጋራ ባንድ ወንበር ሲቀመጥ ማፈሩ አይቀርም። እንዲህ ያለውን ልጅ በትምህርት ቤቱ ግቢ እስከ 11 ሰዓት ተኩል የሚያቈይ አንድ ደስ የሚል ምክንያት ቢገኝ የሚጐዳው ማንን ነው?

በየወረዳው በትምህርትና በስፖርት ጽሕፈት ቤት ያላችሁ ወጣቶች ለዚህ ብዙ በጀት ጠብቁ አንላችሁም። ሁለት ትምህርት ቤት፥ አንድ በፍኖተ ሰላም አንድ በቡሬ፥ በያንዳንዱ ሠላሳ ልጅ ተይዞ ለአንድ ዓመት ቢሞከር፥ ሠላሳዎቹም ግማሹ ሴቶች፥ ግማሹም ስንቅ ተሸክመው ከገጠር የሚመጡ እንዲሆኑ ቢደረግ፥ በዓመቱ መጨረሻ ውጤታቸው ከክፍል ጓደኞቻቸው ውጤት ጋራ ሲነጻጸር ክርክሩ ይቈረጣል። ውጤታቸው ወርዶ ከተገኘ ዱላው ይቅር፤ እኛም በዚሁ ገጽ ላይ ተሳስተናል ብለን እንጽፋለን።

ዱላዎቹ በስፖርት አስተማሪው ክፍል ተቈልፈው ይደሩ፤ ቍጥራቸውም በመዝገብ ይያዝ። የታኅሣሥ የመጨረሻው ዓርብ ሲደርስ ግን ልጁ አንዷን ለገና ልውሰዳት ብሎ ቢለምን፥ አስተማሪው ፊቱን ወደ መስኮቱ ቢያዞርለት ደስ ይለናል። ሰኞ እስኪመልሳት ድረስ።